ከዓለም ገና ሐዋሳ በቡታጅራ በኩል፦ ለዝቅተኛ መኪና የቱ መንገድ ይሻላል?

ሰላም ለእናንተ። መነሻችን ዓለም ገና፣ መድረሻችን ሐዋሳ ነው። የሞጆ–ባቱ መንገድ በከባድ መኪና ስለሚጨናነቅ በመልካ ቁንጡሬና በጢያ አድርገን ቡታጅራ መውጣት መርጠናል። ጢያ ላይ ያሉትን፣ ሰይፍ የተቀረጸባቸውን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን ትክል ድንጋዮች ልጆች ሳያዩ ማለፍ የለባቸውም።

መኪናችን ቪትዝ ናት፤ ሆዷ ለመሬት ይቀርባል። ከአለት ወደተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን ወደ አዳዲ ማርያም የሚያስገባውን የአፈር መንገድ ከዝናብ በኋላ ሞክረነው ዋልካው ጎማው ላይ ተለጥፎ አላስኬድ አለ፤ በጎማ ቦዮቹ መሀል ያለው ጉብታም ኮፓዋን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) ፈገፈገው። ኮፓ ከተሰነጠቀ ዘይቱ ፈሶ ሞተሩ ይነክሳል፤ ማለትም ተጣብቆ መዞር ያቆማል።

እስከ ቡታጅራ አስፋልት ነው፤ የጨነቀን ከዚያ ወዲያ ነው። ሰሞኑን ያለፋችሁበት፣ ከቡታጅራ በቀጥታ ወደ ባቱ ብንታጠፍ ይሻላል ወይስ በወራቤ ዞረን በሀላባ ብንወጣ?