ኤዲፐስ የገዛ ዐይኑን ለምን አጠፋ?

የሄርማታ ሱቅ፦
ጅማ ውስጥ ምስማርና ቆርቆሮ እሸጣለሁ። ገበያ ሲቀዘቅዝ አነባለሁ፤ ሰሞኑን የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክለስን «ንጉሥ ኤዲፐስ» ጨረስኩና ከጎረቤቴ ከጨርቅ ነጋዴው ጋር ልንኳረፍ ደረስን። እሱ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው፤ ሰውየው ምን ያድርግ?» ይላል። እውነት ነው፣ ኤዲፐስ ገና ሳይወለድ ለአባቱ ለላዮስ «ልጅህ ይገድልሃል» ተብሏል። እሱ ራሱም በዴልፊ፣ በአምላኩ በአፖሎ የትንቢት ቤት፣ «አባትህን ትገድላለህ፣ እናትህን ታገባለህ» ሲባል ወላጆቼ የሚላቸው አሳዳጊዎቹ ካሉባት ከቆሮንቶስ ሸሸ፤ ሽሽቱ ግን ወስዶ ከአባቱ ፊት አቆመው። ታዲያ ጥፋቱ የእሱ ካልሆነ የገዛ ዐይኑን መውጋት ምን አመጣው? «አማልክት ጨካኞች ናቸው» ብላችሁ ብቻ እንዳትገላገሉኝ።

የቲያትር ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ መልሱን ራሱ ሰጥቷል። የተውኔቱ መዘምራን ሲጠይቁት መከራውን ያመጣበት አፖሎ እንደሆነ፣ ዐይኑን የመታው እጅ ግን የራሱ እንደሆነ ይናገራል። በዴልፊ ስለ ዐይኑ አንዳች አልተነገረውም።

አንባቢ ከአጋሮ፦
እህቴ፣ ነቢዩን ቲሬስያስን ረሳሽው? ዛሬ የሚያየው ሰው ታውሮ በበትር እየዳበሰ በባዕድ አገር እንደሚንከራተት ፊት ለፊት ነግሮታል። ያም ተጽፎ ነበር ማለት ነው። በኋላም በሶፎክለስ ሌላ ተውኔት በ«ኤዲፐስ በኮሎኖስ» ላይ ያረጀው ኤዲፐስ ሥራዬ ከሠራሁት ይልቅ የደረሰብኝ ነው ብሎ ይከራከራል።

የቲያትር ተማሪዋ፦
ቲሬስያስ አየ እንጂ አልገፋውም። ደግሞም የላዮስን ገዳይና የራሱን ማንነት የሚያጣራበትን ምርመራ አቁም ያላለው ማን አለ? ነቢዩ ለመነው፣ እናቱ መሆኗን ሳያውቅ ያገባት ዮካስታ ለመነችው፣ ሽማግሌው እረኛ ለመነው። እሱ ግን እረኛውን አስጠፍሮ አናገረው።

የሄርማታ ሱቅ፦
የምርመራው ነገር አሳማኝ ነው፤ እኔን ግን ይበልጥ የሚቆረቁረኝ መንገዱ ነው። «አባትህን ትገድላለህ» ተብሎ ከዴልፊ ገና መውጣቱ ነው። ሦስት መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ሠረገላ ነጂው ገፋው፤ እሱም ተናዶ መታው። ሠረገላው ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ባለ ሁለት ሹል ዘንግ አናቱ ላይ ሲያሳርፍበት ሽማግሌውን ገደለው፤ በዚያም አልበቃውም፣ አጃቢዎቹንም ጨመረ። ለዮካስታ ይህን ሲተርክ በቁጣ እንደመታ አይደብቅም። እንዲህ ያለ ትንቢት የተሸከመ ሰው፣ ቢያንስ አባቱ ሊሆን በሚችል ሽማግሌ ላይ እጁን አያነሣም ነበር። ጨርቅ ነጋዴው ይህን ስነግረው «ቁጣውንስ ማን ሰጠው?» አለኝ። ለዚህ መልስ ያለው ካለ ነገ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ይጻፍልኝ።