የድምፅ ሕመም መጠይቅ በአማርኛ፦ ጥያቄ ቁጥር 9ን እንዴት ትሉታላችሁ?

አስተርጓሚዋ (ሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ከአንገት በላይ ክሊኒክ ለአማርኛ ተናጋሪዎች አስተረጉማለሁ። ድምፁ የታመመ ሰው ሲመጣ «ቮይስ ሃንዲካፕ ኢንዴክስ 10» የሚባለውን መጠይቅ ይሞላል። 10 ጥያቄ ነው፤ ለእያንዳንዱ ከ0 («በጭራሽ») እስከ 4 («ሁልጊዜ») ይሰጣል፣ ድምሩ ከ40 ይያዛል። እኛ ጋ የአማርኛ ቅጂ የለም፤ እንግሊዝኛውን እያየሁ በቃሌ ነው የምተረጉመው።

ባለፈው ሳምንት ድምፃቸው የሰለለ አንዲት እናት መጡ። እስከ ስምንተኛው ድረስ ደህና ሄድን። ዘጠነኛውን «ድምፄ አካል ጉዳተኛ እንደሆንኩ እንዲሰማኝ ያደርጋል» ብዬ እንዳለ ተረጎምኩት። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «አንቺ ልጅ፣ እጄም እግሬም ደህና ነው። ምን እያልሽኝ ነው?» አሉኝ። ዜሮ። «ገቢ አጥቻለሁ» የሚለውም ዜሮ፤ ሥራቸው እንጀራ መጋገር ነው። ድምራቸው 9 መጣ። ሐኪሙ ከ11 በታች ስለሆነ «ብዙም አልከበደም» አለ።

እኚህ እናት ግን ሰርግ መሄድ ትተዋል። «እልል ማለት ካቃተኝ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» ብለውኛል። ይሄ የትኛው ጥያቄ ውስጥ ይገባል? የእሳቸው ድምር 9ስ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ድምር 9 ጋር እኩል ነው?

የንግግር ቴራፒስት (ሐይፋ)
እህቴ፣ እኩል ነው ማለት አይቻልም። 11 የሚባለው መለያ የተገኘው አሜሪካ ውስጥ የድምፅ ችግር የሌለባቸውን ሰዎች ጠይቀው ነው፤ በቃል ለተተረጎመ አማርኛ አይሠራም። የመጀመሪያው መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ 30 ጥያቄ ነበረው። እኛ ጋ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ዕብራይስጥ ሲመጣ ድምፃቸው የታመመም ጤነኞችም ተጠይቀው ተነጻጽረዋል። የአውሮፓ ትርጉሞችንም እ.ኤ.አ. በ2008 ጎን ለጎን አስቀምጠው መርምረዋቸዋል። ለአማርኛም ያንኑ መሥራት ነው፦ ሁለት ሰው ለየብቻ ይተረጉማል፣ ዋናውን ያላየ ሦስተኛ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፣ ከዚያ ታማሚዎቹን «ምን ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ። ይሄኛው ደረጃ እንዳይዘለል። ያንቺ ታካሚ በነጠላቸው የመለሱልሽ እኮ እሱን ነው።

የአንገት በላይ ነርስ (አዲስ አበባ)
ቁጥር 9ን እኔ «በድምፄ ምክንያት ከሰው ያነስኩ ይመስለኛል» እላለሁ። ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ቃል እንምረጥ ካላችሁ ደግሞ «ድምፅ» ብቻውን ለበር ጩኸትም ለምርጫም ይሆናል። ታማሚ ራሱ የሚለው ሌላ ነው። «ተዘጋብኝ» ይላል፣ «ሻከረ»፣ «ጎረነነ»፣ «ሰለለ»። አንዱ ከሌላው ይለያል። አስተማሪ «ተዘጋ» ሲለኝ ማታ ማታ እንደሚብስበት እጠይቃለሁ።

መልሶቹም ያስቸግራሉ። ከ«በጭራሽ» ቀጥሎ ያለውን አንዳንዱ «ከሞላ ጎደል በጭራሽ» ብሎ ይተረጉመዋል። ማን እንዲህ ያወራል? «ከስንት አንዴ» በሉት። አሥረኛውን ጥያቄ፣ ሰዎች «ድምፅዎን ምን ነካው?» ይሉኛል የሚለውን፣ እንዳለ ተዉት፤ እዚህ ግን ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ጉንፋን ይዞዎታል እንዴ?» ብሎ ነው። ያንን ካልጨመራችሁ «ማንም አልጠየቀኝም» ይላሉ።

አስተርጓሚዋ (ሜሪላንድ)
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ እኚያ እናት ለቀጠሮ መጥተው ነበር። ሐኪሙን አስፈቅጄ ቁጥር 9ን በነርሷ አባባል ደግሜ ጠየቅኋቸው። ቶሎ አልመለሱም። ቀስ ብለው ጉሮሯቸውን ያዝ አድርገው «እሱማ ሁልጊዜ ነው ልጄ» አሉ። 4 ነው። ሐኪሙ ከቁጥሩ ጎን የእልልታውንም ነገር ጻፈው። ቅጂውን አብረን እንሥራ የምትሉ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ፤ አሥሩንም ጥያቄ ቅዳሜ እለጥፋለሁ።