በካርትሊ ነገሥታት የዘር ሐረግ ላይ ሳውሮማግን የት ላስገባው?

ሰላም ወገኖች። ለንባብ ክበባችን የካርትሊ ነገሥታትን የዘር ሐረግ በትልቅ ወረቀት ላይ እየሳልኩ ነው። ካርትሊ የዛሬዋ ምሥራቅ ጆርጂያ ናት። ሮማውያን ኢቤሪያ ይሏት ነበር፤ ከስፔን ጋር እንዳትምታታባችሁ። በሮምና በፋርስ መካከል የተጣበቀች አገር ነበረች። ዙፋኗን የያዘው የሚህራን ቅርንጫፍ ነው። ሚህራን ከኢራን ታላላቅ የመሳፍንት ቤቶች አንዱ ነው።

እስከ ንጉሥ ሚርያን ድረስ ሥራው ቀናኝ። ሚርያን ልክ እንደኛው ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ክርስትናን የተቀበለ ንጉሥ ነው። ይህን ቤት የወደድኩትም ለዚሁ ነው።

ችግሩ የመጣው 370 ዓ.ም. አካባቢ (በአውሮፓውያን) ላይ ስደርስ ነው። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ አሚያኑስ እንደሚለው፣ የፋርሱ ንጉሥ ሻፑር የካርትሊን ንጉሥ ሳውሮማግን አባሮ አስፓኩርን አነገሠ። ሮም 12 ሌጌዎን ጦር ልካ ሳውሮማግን መለሰችው። በመጨረሻ ሁለቱ ዘመዳሞች የኩራን ወንዝ ድንበር አድርገው አገሪቱን ተካፈሉ። የጆርጂያ ዜና መዋዕል ግን ሳውሮማግን ጭራሽ አያነሳውም።

ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ሐረጉ ከዜና መዋዕሉ ጋር ተጋጨብኝ። ሳውሮማግን ሳወጣው ደግሞ ከጎኑ ያለውን ካርታ ለምን በወንዙ ለሁለት እንደከፈልኩት ማስረዳት አቃተኝ። ስሙን በእርሳስ ጽፌ ሦስቴ አጥፍቼዋለሁ፤ ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል።

የነገሥታት ሐረግ ሠርታችሁ የምታውቁ፣ አንድ ወገን ብቻ የሚያውቀውን ንጉሥ በዋናው መስመር ላይ ነው የምታስገቡት ወይስ በነጠብጣብ መስመር ለብቻው?