የላዳ ታክሲዬ ሰማያዊና ነጭ አልለይ አለኝ

ጤና ይስጥልኝ። የአዲስ አበባን ታክሲ፣ ላዳ 2101ን፣ በ1/24 መጠን የፕላስቲክ ሞዴል አድርጌ እየገጣጠምኩ ነው፤ 4 ሜትር ከ7 ሳንቲሜትር የሆነው መኪና 17 ሳንቲሜትር ገደማ ሆኗል። ጎማውም ወንበሩም ተስማምቶኛል፤ ያስቸገረኝ ቀለሙ ነው። ጣሪያውን ነጭ ቀብቼ ሲደርቅ በወረቀት ፕላስተር እሸፍንና የታችኛውን ሰማያዊ እነፋለሁ። ፕላስተሩን ሳነሣ ግን ሰማያዊው በመስኮቶቹ ሥር ሾልኮ እንደ ሸረሪት ድር ተበትኗል፤ በኋለኛው በር በኩል ደግሞ ነጩ ከፕላስተሩ ጋር ተልጦ ይመጣል። ገላው ፖሊስታይሪን የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ የመኪና ቀለም ማቅጠኛ ቲነር ያቀልጠዋል። ታዲያ ይህን ቀለም ፕላስቲኩን ሳልጎዳ በምን ላስለቅቀው? ሰማያዊውን ከመንፋት በፊት የፕላስተሩን ጠርዝ በስሱ ነጭ መዝጋት ይበጃል ይባላል፤ የሞከራችሁ አላችሁ? ፕላስተሩስ የሚነሣው ቀለሙ ሳይደርቅ ነው ወይስ ከደረቀ በኋላ?