ውጭ የሚያድር ፈረስ በክረምት ምን ይብላ?

ጠያቂ (የባንጃው)፦
ሰላም ወገኖች። የምኖረው ኢንጅባራ አጠገብ ነው። ዳማ የምለው ፈረስ አለኝ፤ ዕድሜው 14 ገደማ ይሆናል። በረት ስለሌለኝ ክረምት ከበጋ ጓሮ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ነው የሚያድረው። የኛን አገር ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ፋታ የለውም፣ ብርዱም አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ድሮ የምናግጥበት መሬት ደግሞ አብዛኛው ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ተተክሎበታል። አሁን ሐምሌ ነው። ቀን ዳገቱ ላይ አስሬው እውላለሁ፣ ማታ የጤፍ ጭድ እጥልለታለሁ። ሣሩ ለምለም ነው፣ ግን ፈረሱ እየከሳብኝ መሰለኝ። ጎረቤቶቼ «ገብስ ጨምርለት፣ ይሞቀዋል» ይሉኛል። ለጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል በደህና ሥጋ እንዲደርስልኝ እፈልጋለሁ። ምን ላብላው? ስንትስ?

ባለጋሪ (ደብረ ብርሃን)፦
ወንድሜ፣ በዓይንህ አትመን። በብርድ ጊዜ ጠጉሩ ይወፍርና ከሲታው ፈረስ ደልቦ ይታይሃል። መዳፍህን ጎኑ ላይ አሳርፈህ ጫን ሳትል ወደ ኋላ ሳብ። የጎን አጥንቱን አንድ በአንድ ከቆጠርከው ከስቷል። በትንሹ ተሸፍኖ ከተሰማህ ደህና ነው። አከርካሪውንም ዳስሰው፤ ግራና ቀኙ ጎድጎድ ካለ ቆይቶበታል ማለት ነው። እኔ በየሳምንቱ እሑድ እዳስሳለሁ፣ የሚያታልለኝ የለም።

የእንስሳት ሐኪም (ባሕር ዳር)፦
ስለ ገብሱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ፈረስን ከውስጥ የሚያሞቀው ከሁሉ በላይ ሣርና ድርቆሽ ነው። ቃጫ ያለው መኖ ትልቁ አንጀት ውስጥ ገብቶ ሲብላላ ሙቀት ያወጣል፣ ያም ለሰዓታት ይቆያል። ገብስ ጉልበት ይሰጣል፣ የከሳውንም ይመልሳል፤ የሌሊቱን ብርድ የሚያስችለው ግን ድርቆሹ ነው። ስለዚህ ማታ ላይ ነው በደንብ መብላት ያለበት።

መጠኑን ለማወቅ ክብደቱን ገምት። በገመድ ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለካ። ከዚያ ከፊት ትከሻው ጫፍ እስከ ታፋው አጥንት ርዝመቱን ለካ። ሁለቱንም በሴንቲሜትር ያዝ። የደረቱን ቁጥር በራሱ አባዛ፣ በርዝመቱ አባዛ፣ ለ11,880 አካፍል። ደረቱ 145፣ ርዝመቱ 140 ቢሆን 248 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ፈረስ በቀን ከክብደቱ ቢያንስ 2 በመቶ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ለ248 ኪሎ ፈረስ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ድርቆሽ ማለት ነው።

«ሣሩ ለምለም ነው» ያልከው ላይ ነው ነገሩ። የሐምሌ ሣር ከ10 ኪሎው 8ቱ ውኃ ነው። ያን 5 ኪሎ ደረቅ ነገር ከሱ ብቻ ለማግኘት 25 ኪሎ ሣር መጋጥ አለበት፤ ታስሮ የሚውል ፈረስ ይህን ከየት ያመጣዋል? የጤፍ ጭድ ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆንም። ከጭዱ ግማሹን በድርቆሽ ተካ። እንግዶ (የአጃ ዓይነት) አጭደህ ያደረቅከው ካለህ በጣም ጥሩ ነው።

ገብስ መስጠት ከፈለግክ ሸክሽከው። በቀን ግማሽ ኪሎ ጀምር፣ በ10 ቀን ውስጥ ቀስ እያልክ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል አድርሰው፣ ያንንም ጠዋትና ማታ ከፍለህ። ድንገት ብዙ እህል የበላ ፈረስ ቁርጠት ይይዘዋል፣ ሰኮናውም ሊታመም ይችላል።

የሳሚ እናት (ዳንግላ)፦
ልጄ፣ ዲከረንሱን አትርገመው። ዛፉ ገና ትንሽ ሳለ መሐል ለመሐል የሚበቅለውን ሣር እኛ በጥቅምት አጭደን ነው የምናደርቀው፤ ለሚመጣው ክረምት አስብበት። ለዘንድሮ ግን ግዛ። ስትገዛ ከመሐል መዝዘህ አሽትተው። የሻገተ ሽታ ካለው፣ ወይም ስታራግፈው ነጭ ብናኝ ካወጣ፣ በነፃም ቢሰጡህ እንቢ በል። ፈረስ እንደ በሬ አይደለም፣ ሻጋታ ያስለዋል፣ ሆዱንም ይይዘዋል። ቤትህም መሬት ላይ አትከምረው፣ ከሥሩ እንጨት ደርድርለት። የተረፈ ድንች ደግሞ እንዳትሰጠው፤ ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል፣ አረንጓዴ የሆነውማ መርዝ ነው።

ጠያቂ (የባንጃው)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዳሰስኩት፣ አጥንቱ ይቆጠራል። ሌላ ያየሁት ነገር፣ ከበላበት ቦታ የታኘከ ሣር እንደ ጉርሻ ተጠቅልሎ ወድቆ አገኛለሁ። ይህ ምንድነው?

የእንስሳት ሐኪም (ባሕር ዳር)፦
ጥርሱ ነው። በዚህ ዕድሜ መንጋጋው እኩል ስለማያልቅ ጠርዙ ሹል ሆኖ ጉንጩን ይወጋዋል። አኝኮ መጨረስ ሲያቅተው ጠቅልሎ ይተፋዋል። እንዲህ ከሆነ የፈለግከውን ያህል ድርቆሽ ብትሰጠው ትርፉ ድካም ነው። ወረዳው ክሊኒክ ውሰደውና ጥርሱን ይሞርዱለት። ፋንድያውንም ይዘህ ሂድ፣ ትል ካለበት ይታያል። እስከዚያው ፉሩሽካ በውኃ አርሰህ ከተሸከሸከው ገብስ ጋር ስጠው። አሞሌ ጨው አይለየው።

ከሚኒሶታ፦
እዚህ ፈረሶች የሚያድሩበት ቦታ እሠራለሁ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን እንኳ ውጭ የሚያድሩ አሉ። ደረቅ ብርድን ይችሉታል፤ ዝናብና ነፋስ አንድ ላይ ሲመጡ ነው የሚጎዱት። የቆመው ጠጉር በውኃ ሲተኛ መሐሉ የነበረው አየር ይወጣል፣ ሙቀቱም አብሮ ይሄዳል። ባሕር ዛፍ ለዚህ አይበቃም። አራት ምሰሶ አቁመህ ቆርቆሮ ጣልበት፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ብቻ ግድግዳ አድርግለት። ዶፍ የሚመጣ ከመሰለህ ማታውን ሁለት እቅፍ ድርቆሽ ጨምር። ስታየው ከተንቀጠቀጠ ድርቆሽ አቅርብለት፣ በጆንያም እሸው።

ባለጋሪ (ደብረ ብርሃን)፦
ድርቆሹን ጭቃ ላይ አትጣልለት፣ አሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ አድርገው። ደግሞ አደራ፣ የዶሮ መኖ ርካሽ ነው ብሎ የሚሸጥልህ አይጥፋ፤ አንዳንዱ ውስጥ ያለው የዶሮ መድኃኒት የፈረስን ልብ ይመታል።

ጠያቂ (የባንጃው)፦
ነገ ክሊኒክ እወስደዋለሁ። ቆርቆሮውን ቅዳሜ ገበያ እገዛለሁ። የጥርሱን ነገር እጽፍላችኋለሁ።