የልጆች መጫወቻ የምትሠሩ፣ ሐሳብ ከየት ታገኛላችሁ?

አናጺው፣ ደብረ ብርሃን
ከአጎቴ ጋር በርና መስኮት እንሠራለን። ከሁለት ዓመት ወዲህ ማታ ማታ ከሚተርፈው የዋንዛ ቁርጥራጭ የልጆች መጫወቻ እሠራለሁ። ሥራውን ከልቤ እወደዋለሁ፤ ሐሳብ ግን ነጠፈብኝ። ስልኬ ላይ ያየሁትን የውጭ አገር ባቡር እያየሁ እቀዳለሁ። ባለፈው ወር አሥራ ሁለት ባቡር ሠርቼ ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሰጠሁ። ልጆቹ ገልብጠው ጎማውን በጣታቸው ሲያሽከረክሩ ትንሽ ቆዩና ጥለውት ወጡ። ግቢው ውስጥ በጠርሙስ ክዳን አፈር እየሰፈሩ፣ “ጨምሪልኝ”፣ “አልጨምርም” እየተባባሉ እህል ሲሸምቱ ዋሉ። ቆሜ ሳያቸው ሆዴን ባር ባር አለኝ። እናንተ ለአዲስ ሥራ ምን ትመለከታላችሁ? ደግሞስ ሕፃን አፉ ውስጥ የሚከተውን እንጨት በምን ትቀቡታላችሁ?

መምህርቷ፣ ሞላሌ
ወንድሜ፣ ያንን የጠርሙስ ክዳን አትለፈው። እኔም ክፍል ውስጥ ልጆቹ ከሁሉ በላይ የሚሻሙት መስፈሪያ ነው። ትንሽ ቁናና ሚዛን ሥራላቸው። ሚዛኑ ግን የእውነት ይመዝን፤ ጠጠር ሲጨመርበት ካላዘነበለ በአንድ ቀን ይንቁታል። ቀለሞሽ ሲጫወቱም እጃቸውን ተመልከት። አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ወርውረው እስኪወርድ ድረስ ሌላውን ከመሬት ያፍሳሉ። የልጅ መዳፍ ምን ያህል እንደሚይዝ የምታውቀው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ከሄድህ ደግሞ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ግባ። ዕቃው የተደረደረው የሰውን ዕድሜ ተከትሎ ነው፤ የሚጀምረውም ከልጅነት ነው።

የድሮ አናጺ፣ መሐል ሜዳ
ልጄ፣ እዚህ መንዝ ያለው ጓሳ ወጥተህ ጭላዳ ዝንጀሮ ተመልክተህ ታውቃለህ? እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ጠዋቱን ሙሉ ሳየው አርፍጃለሁ። ጭላዳ በቂጡ እንደተቀመጠ ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ ይበላል። ከፊቱ ያለው ሲያልቅ አይነሣም፤ እንደተቀመጠ ሸርተት ይልና መንጨቱን ይቀጥላል። ያችን ሸርተት ማለቱን በእንጨት ሠራኋት። የኋላ ጎማውን መኻል ለመኻል አልበሳሁትም፤ ቀዳዳውን ወደ ጎን ፈቀቅ አደረግሁት። ገመዱ ሲጎተት ገላው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። የልጅ ልጄ ገና ሲያየው “ሣር እየበላ ነው” አለ። ማንም አልነገረውም።

የሚገጣጠም የፕላስቲክ መጫወቻ የሚሠራው ሌጎ የተባለው ድርጅትም ከፕላስቲኩ በፊት የአናጺ ቤት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ዴንማርክ ውስጥ ቢሉንድ ላይ ተጀመረ። ከቀደሙት ሥራዎቹ አንዱ ሲጎተት አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ የእንጨት ዳክዬ ነው። የባቡርህ ጥፋት ከውጭ መምጣቱ አይደለም፤ ሲጎተት ምንም አለማድረጉ ነው።

ለቅቡ ጥሬ የተልባ ዘይት በስሱ ቀባ። በእኛ ብርድ ሳምንታት ስለሚፈጅ አትቸኩል። ቀለም ቤት የሚሸጠው ቶሎ ደራቂ የተልባ ዘይት ማድረቂያ ኬሚካል ይገባበታልና ለሕፃን አይሁን። አደራህን፣ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጠህ ጥግ አትጣለው፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሸዋ ሮቢት
ጎማውን አጥብቁት። ትንሹ ልጄ አንዱን ነቅሎ አፉ ውስጥ ከትቶ ነፍሴን አውጥቶት ነበር። ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠራበት መለኪያ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አጭር ቱቦ ነው። ሙሉ በሙሉ ውስጡ የሚገባ ቁራጭ ለእነርሱ አይሰጥም። ቱቦው ከሌለ በሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ለኩት፤ እሱ ሰፋ ስለሚል ለጥንቃቄ ይበልጥ ይጠቅማል።

አናጺው፣ ደብረ ብርሃን
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሚዛኑን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። ጋሼ፣ ቀዳዳውን ምን ያህል ነው ፈቀቅ ያደረጉት? እኔ አንዱን ሞክሬ ጎማዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ ግራና ቀኝ ይንገዳገድብኛል።

የድሮ አናጺ፣ መሐል ሜዳ
ጎማዬ ከዳር እስከ ዳር 6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቀዳዳውን ከመኻሉ 8 ሚሊ ሜትር ፈቀቅ አደረግሁት። 12 ሞክሬ ተገልብጧል። የሚንገዳገድብህ ጎማዎቹ ለየብቻ ስለሚዞሩ ነው። ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች ወደ አንድ ወገን አዛንፈህ ከዘንጉ ጋር በኮላ አጣብቃቸው፤ ዘንጉ ራሱ ይዙር። የፊቶቹን መኻላቸውን ብሳ።