ሰባት ቀን መርተው በመጨረሻዋ ሰከንድ ለተሸነፉ ተጫራች ምን ብዬ ልመልስ?

ጥያቄ፤ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ከተወልን ነገር አንዱ 31 የድሮ ሳንቲሞችና ብሮች የያዘ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ከወንድሞቼ ጋር ተማክረን፣ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ለማስታወሻ አስቀርተን፣ የቀረውን እኔ ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት መገበያያ በጨረታ እየሸጥኩ ነው። ለሥራው አዲስ ነኝ፤ ይህ ስምንተኛው ሽያጬ ነው።

ባለፈው እሑድ የተሸጠው 1889 ዓ.ም. የተጻፈበት የዳግማዊ ምኒልክ አንድ ብር ነው። ፓሪስ የተቀረጸው፣ 28 ግራም የሚመዝነው፣ በአንድ ፊቱ ንጉሠ ነገሥቱ፣ በሌላው ፊቱ አንበሳው ያለበት። በዓድዋ ማግሥት ያለው ዓመት ስለተጻፈበት አባቴ ከሁሉ አብልጦ ይወደው ነበር። መነሻውን 49 ዶላር አድርጌ ለሰባት ቀን አወጣሁት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይመሩ የነበሩት አንድ ሰው ናቸው፤ ከሐሙስ ወዲህ ዋጋው 76 ዶላር ላይ ቆሞ ቀረ። እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊዘጋ አራት ሰከንድ ሲቀረው፣ እስከዚያ ድረስ ያልታየ ተጫራች ገባና በ122 ዶላር ከ50 ሳንቲም ወሰደው።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት መልእክት ደርሶኝ አገኘሁ።

አንዱ 75 ዶላር አስገብቶ የነበረ ሰው ነው፤ «ዘመድሽን አስገብተሽ ዋጋ አስሰቀልሽ» ይላል። ሌላው በጨረታው ውስጥ ጨርሶ አልነበረም፤ «ሽያጩን ሰርዢና ከድረ ገጹ ውጪ በ180 ዶላር ስጪኝ» ይላል። እነዚህ ሁለቱ አላስጨነቁኝም።

ያስጨነቀኝ ሦስተኛው ነው። ሲመሩ የነበሩት አባት ከጀርመን በአማርኛ የጻፉልኝ። እንዳለ ልጥቀሰው፦

«ልጄ፣ እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። እንቅልፌን አጥቼ ስጠብቅ ነበር። እናቴ እንዲህ ያለውን ብር በአንገቷ ታደርግ ነበር፤ ለእኔ የትምህርት ቤት ክፍያ ብላ ሸጠችው። ሰባት ቀን መሪ ነህ ስባል ቆይቼ በአራት ሰከንድ ተነጠቅሁ። 200 ዶላርም ቢሆን እከፍል ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ሳትጠይቂኝ ዘጋሽብኝ።»

ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ገዢው በዚያው ምሽት ከፍሏል፤ እሱን መከልከል እንደማይገባኝ አውቃለሁ። ነገር ግን «ሕጉ ነው» ብሎ ለእኒህ ሰው መጻፍ አልሆነልኝም። በቆርቆሮው ውስጥ ሁለተኛ የ1889 ብር አለ፤ የተላላጠ ነው፣ በጠርዙ ላይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ምልክት አለው። እሱን ዝም ብዬ በርካሽ ልስጣቸው? ወይስ ይህ ሌላ በደል ይሆናል?

መልስ፤ የቀድሞ የግዥ ባለሙያ

እህቴ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለዘጠኝ ዓመት ጨረታ ሳስተናግድ ኖሬያለሁ፤ የተሸናፊን ፊት አውቀዋለሁ። የእኒህ አባት ችግር ጨረታውን በሐራጅ ዐይን ማየታቸው ነው። በሐራጅ ላይ ጨረታ መሪው «አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ» እያለ ይጠራል፤ እጅ እስከተነሣ ድረስ አይዘጋም። ኢቤይ ግን ሰዓቱ ከደረሰ የሚጠራ ሰው የለውም። ከሐራጅ ይልቅ በሰም የታሸገ ፖስታ ይመስላል፦ የመጨረሻ ዋጋህን ጽፈህ ሳጥን ውስጥ ትከታለህ፣ ሳጥኑ በሰዓቱ ይታሸጋል፣ ከዚያ ወዲያ «ይህን ያህል ልጨምር» የሚል ቢመጣ አይሰማም።

ልዩነቱ፣ በፖስታው ጨረታ አሸናፊ የጻፈውን ሙሉ ዋጋ ሲከፍል፣ በኢቤይ ግን ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ሰው ከጻፈው ጥቂት ብቻ ከፍ አድርጎ መክፈሉ ነው። አዲስ ዘዴም አይደለም፤ በ1893 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ፣ ኖርዝሃምፕተን ከተማ የቴምብር ነጋዴዎች በደብዳቤ ጨረታ ሲያካሂዱ በዚሁ ሥርዓት ይሠሩ ነበር።

አሁን ቁጥሩን እይው። ከቀጣዩ ሰው ዋጋ በላይ የሚጨመረው ያ ጥቂት ጭማሪ ከ100 እስከ 250 ዶላር ባለው እርከን 2 ዶላር ከ50 ነው። ዋጋው 122.50 ላይ የቆመው ከ122.50 ሲቀነስ 2.50፣ ማለትም 120 ዶላር፣ የእኒህ አባት ከፍተኛ ዋጋ ስለነበረ ነው። ቀድሞ 76 ላይ የቆመውም ያ 75 ያስገባው ሰው ስለነበረ ነው፤ በዚያ እርከን ጭማሪው አንድ ዶላር ነው። ስለዚህ የተሸነፉት በሰከንድ ሳይሆን በዋጋ ነው። ገዢው ረቡዕ ገብቶ ቢሆን ኖሮም ውጤቱ ያው ነበር። ይህንን በትሕትና ጻፊላቸው።

ለከሳሹም ያው ታሪክ ይበቃዋል። ዘመድሽ ቢሆን ኖሮ ብሩ ሳይሸጥ ቤትሽ ይቀር ነበር፤ የሚተርፍሽም ለኢቤይ የምትከፍዪው የሽያጭ ክፍያ ብቻ በሆነ ነበር። የጨረታውን ታሪክ ከፍቶ ያንብብ።

መልስ፤ ቴምብር ሰብሳቢ፣ ስቶክሆልም

እኔ በመጨረሻዋ ሰከንድ ከሚገቡት ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ከ20 ዓመት በላይ የኢትዮጵያ ቴምብር ስሰበስብ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ከወንበሩ ማዶ ልናገር።

ስድስት ሰከንድ ሲቀር የምገባው ሰው ለመጉዳት አይደለም። በእኛ መስክ የማውቀውን ቶሎ ካሳየሁ ሌላው ያየኛል። በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ታትመው ከወጡት የመጀመሪያ ቴምብሮቻችን መካከል እውነተኛ የፖስታ ማኅተም ያረፈበትን ከሐሰተኛው መለየት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ማክሰኞ ዕለት ዋጋ ባስገባ፣ ማኅተሙን የማያውቅ ሰው «ይህ ሰው ከገባበትማ ጥሩ ነገር አለው» ብሎ ይከተለኛል። አልቪን ሮትና አክሰል ኦከንፌልስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ያገኙት ይህንኑ ነው፦ በኢቤይ ላይ በመጨረሻዋ ደቂቃ መግባት በኮምፒውተር ሽያጭ ላይ ካለው ይልቅ በቅርስ ዕቃ ላይ ይበዛ ነበር። በዚያ ዘመን አማዞንም የራሱ ጨረታ ነበረው፤ እዚያ ግን በመጨረሻ ላይ ዋጋ ከገባ ጨረታው በአሥር ደቂቃ ይራዘም ስለነበር የመጨረሻ ሰዓት ሩጫው በጣም ያነሰ ነበር።

ነገሩም ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። በ1662 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ መርከብ በሻማ ጨረታ ሲሸጥ፣ ሻማው ከመጥፋቱ በፊት የጮኸው የመጨረሻ ሰው ያሸንፍ ነበር። በባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ እንደመዘገበው፣ አንድ ሰው ደጋግሞ ያሸንፍ ነበርና ምሥጢሩ ተጠየቀ፤ ሻማው ሊጠፋ ሲል ጢሱ ወደ ታች እንደሚወርድ አስተውሎ ነበር።

ግን ከላይ የጻፉልሽን ወንድም በአንድ ነገር ላርመው። «ረቡዕ ቢገባም ውጤቱ ያው ነበር» የሚለውን እንዳትጽፊ። እውነት አይደለም። ረቡዕ ቢገባ ኖሮ አባትየው ማስታወቂያ ይደርሳቸው ነበር፣ ያስቡበት ነበር፣ ምናልባት 150 ያስገቡ ነበር። እኔና እኔን የመሰሉት ዘግይተን የምንገባው በትክክል ያንን ጊዜ ላለመስጠት ነው። ሰውየው ያጡት ነገር አለ፤ ስሙም የመመለሻ ጊዜ ነው። ይህንን ብትክጂባቸው ያውቁታል።

መልስ፤ የድሮ ዕቃ ነጋዴ፣ ለንደን

የእኔ ውድ፣ ሁለቱም ወንድሞች ስለ ጨረታው በደንብ ነገሩሽ፤ ስለ ደብዳቤው ግን ምንም አላሉም። ሥራዬ ስለሆነ በየሳምንቱ እንዲህ ያለ መልእክት ይደርሰኛል። የተማርኩትን ልንገርሽ።

በዚያው ቀን መልሺ። ዝምታሽን ሰው በጥፋተኝነት ይተረጉመዋል። ላጠፋሽው ይቅርታ ጠይቂ፣ ላላጠፋሽው ግን አትጠይቂ፤ «ስለተፈጠረው ሁሉ ይቅርታ» ብለሽ ብትጽፊ ከሳሹ ሰው ነገ ይህንኑ ይዞ ይመጣል። ለእሱ ሁለት መስመር ይበቃል። የ180 ዶላሩ ሰው ደግሞ ከድረ ገጹ ውጪ መሸጥ የተከለከለ መሆኑን ያውቃል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ አንዴ የተሸጠ ዕቃ ከፍ ያለ ዋጋ በመጣ ቁጥር የሚሰረዝ ከሆነ ቃልሽን ማን ያምናል? «አይሆንም» በይው፤ አበቃ።

አሁን የአንቺ ጥፋት የቱ ነው? ሰዓቱ። ምሽት 3 ሰዓት ለቨርጂኒያ ይመቻል። የምኒልክን ብር የሚፈልገው ሰው ግን አሜሪካ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ፍራንክፈርት አለ፣ ሮም አለ፣ ቴል አቪቭ አለ፣ ዱባይ አለ፣ አዲስ አበባ አለ። ጨረታው በጀመረበት ሰዓት ስለሚዘጋ፣ እሑድ በእናንተ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጀምሪው። ያኔ ጀርመን ምሽት 2 ሰዓት ይሆናል፤ አሁን በአሜሪካና በአውሮፓ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ፊት በተገፋበት ወቅት ደግሞ አዲስ አበባ ምሽት 3፣ ዱባይ ምሽት 4 ነው። ሁሉም ነቅቶ ነው የሚሸነፈው።

ሁለተኛውን ብር በተመለከተ፣ ለተሸናፊ ተጫራች በድጋሚ ዕድል መስጫ መንገድ ኢቤይ ላይ አለ፤ ነገር ግን ለተመሳሳይ ዕቃ ነው። ያንቺ ሁለተኛ ብር የተበየደበት ነው፤ በዚያ መንገድ ብትልኪላቸው ሌላ ነገር እየሸጥሽላቸው ነው። በስጦታ ዋጋ መስጠቱንም አልወደውም። ልብሽ ጥሩ እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ሰውየው ምጽዋት አልጠየቁሽም።

ጠያቂዋ

ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የሚከተለውን ላክሁላቸው፦

«ይድረስ ለጋሼ፤ መልእክትዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ብሩን የገዛው ሰው በሥርዓቱ ገብቶ ከፍሏል፤ ለእርሱ ልልከው ይገባኛል፣ ዛሬም ልኬዋለሁ። እርስዎ ከፍተኛ ብለው ያስገቡት 120 ዶላር ነበር፤ ገዢው ከዚያ በላይ አስገባ፣ ዋጋውም በ122.50 ቆመ። ዘግይቶ በመግባቱ ለመጨመር ጊዜ አላገኙም፤ ያዘኑበት ምክንያት እውነተኛ እንደሆነ አውቃለሁ። ሥርዓቱ ግን አይጠይቅም፣ እኔም መሐል ገብቼ መጠየቅ አልችልም ነበር። የእኔ ጥፋት ሰዓቱ ነው። ለራሴ የሚመቸኝን መርጬ እርስዎን እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አስጠበቅሁ፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁለተኛ ብር አለኝ፤ እንደ መጀመሪያው ጥሩ አይደለም፣ በጠርዙ ላይ የማንጠልጠያ ብየዳ አለው። በመጪው እሑድ አወጣዋለሁ፤ በእርስዎ ሰዓት ምሽት 2 ላይ ይዘጋል። ከልብዎ የሚከፍሉትን የመጨረሻውን ዋጋ በመጀመሪያው ቀን ያስገቡ፤ ከሚቀጥለው ሰው ዋጋ ጥቂት ከፍ ብሎ እንጂ ሙሉውን አይከፍሉም።»

የሁለተኛውን ብር ነገር በተመሳሳይ ሰዓት ለ75 ዶላሩም ለ180 ዶላሩም ሰው ጻፍሁ፤ አንዱ ቀድሞ አወቀ እንዳይባል። የ75 ዶላሩ ሰው እስካሁን አልመለሰም።

ጋሼ ግን ዛሬ ጠዋት መለሱ። 200 ያሉት በንዴት እንደነበረ፣ 120ውን የወሰኑት ከጡረታ ገንዘባቸው አስልተው እንደነበረ ነገሩኝ። ከዚያ ጥያቄ አስከተሉ፦ ብየዳው ከአንበሳው በኩል ነው ወይስ ከንጉሡ ራስ በላይ? የእናታቸው ብር ከንጉሡ ራስ በላይ ነበር የተበየደው፤ ስትጎነበስ ንጉሡ ቀጥ ብለው ይታዩ ነበር።

ቆርቆሮውን ከፍቼ አየሁ። ከንጉሡ ራስ በላይ ነው። የእናታቸው ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ሆኖ የተበየደ ስንት ብር አለ። ይህንንም ጻፍሁላቸው፤ በተስፋ ከአቅማቸው በላይ እንዳይጫረቱ ስለፈራሁ።

መልስ፤ የድሮ ዕቃ ነጋዴ፣ ለንደን

ደግ አደረግሽ። ብየዳውን በፎቶግራፉ ላይ በደንብ አሳዪ፤ በመግለጫውም የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፊው። ብሩን ደግሞ በምንም ነገር እንዳታጥቢው፤ የታጠበ ብር ዋጋው ይወርዳል፣ ሰብሳቢ ወዲያው ያውቀዋል።

ጠያቂዋ

አላጥበውም። ጥቁረቱ እንዳለ ነው። ፎቶግራፉን ነገ ጠዋት በመስኮቱ በኩል ብርሃን ሲገባ አነሣለሁ፤ ብየዳው በጎን ብርሃን ይበልጥ ይታያል።